የቡና ማር ቡና አይሸትም

ሰሞኑን ስለ ቡና ማር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ ይዞራል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ አክስቴ ናት። «አንተ ማር ነጋዴ ነኝ ትላለህ፣ ይሄን ሳትነግረን!» የሚል ቁጣ ጨምራበታለች። ስቄ ላልፈው ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን አንድ የቆየ ደንበኛዬ በባጃጅ መጣና ሁለት ኪሎ ማር ፊቴ አስቀመጠ። «ይሄ ረግቷል፣ ስኳር አለበት» አለኝ። በምን አወቅህ ስለው ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ጽሑፍ አስነበበኝ። ያ ማር አጎቴ ሲዳማ፣ ዳሌ ወረዳ ካለው ጓሯቸው የቆረጡት ነው። ጭሱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ቦታ ተነድፌበታለሁ። ብሩን መለስኩለትና የዚያኑ ማታ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሐዋሳ ውስጥ ማር እሸጣለሁ፣ ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ ክፉ አስበው የጻፉትም አይመስለኝም። እንዲያውም የቡና ማር በስሙ ተጠርቶ ሲወደስ ሳይ ደስ ብሎኛል። እዚህ ከተማ ለብዙ ሰው ማር ማለት ነጭ ማርና ቀይ ማር ነው፣ አለቀ። ከየትኛው አበባ ነው፣ በየትኛው ወር ተቆረጠ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ችግሬ ከውዳሴው ጋር ሳይሆን ከማስረጃው ጋር ነው።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይሄ ነው። የቡና ማር የተቆላ ቡና ይሸታል፤ ካልሸተተ የቡና አይደለም። ካፌይን ስላለው ቡናን ይተካል፤ ለሚያጠና ተማሪ ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል፣ ማታ ግን አይበላም። እውነተኛው መቶ በመቶ ከቡና አበባ ብቻ የተሠራ ነው። አይረጋም፤ የረጋ ማር ስኳር የገባበት ነው፣ ያላመነ በክብሪትና በውሃ ይሞክረው። ንብ የቡናውን አበባ ስለምታደክም ገበሬው ቀፎውን ከቡናው ያርቅ። ማሩ የስኳር ሕመምተኛን አይጎዳም፣ ቁስል ያድናል፣ ለጨቅላ ሕፃን ሆድም ፍቱን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ማር ጠጅ መጣል ነውር ነው ይላሉ። ያጎደልኩባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከሽታው ልጀምር፣ በጣም የገረመኝ እሱ ነው። ቡና ቡና የሚለው ሽታ ከየት ነው የሚመጣው? ከምጣዱ ነው። ጥሬ ቡና እፍኝ አድርጋችሁ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? ሣር ሣር ይላል። እናቶቻችን አጥበው፣ ቆልተው፣ ጭሱን በእጃቸው እየገፉ እስኪያሸቱን ድረስ ያ መዓዛ የለም፤ እሳቱ ነው የሚያወጣው። ንቧ ደግሞ ምጣድ ጋ አትደርስም። የምትቀስመው ፍሬው ሳይቋጠር፣ ገና አበባ እያለ ነው። አበባው ነጭ ነው፣ ሽታውም የጃስሚን ዓይነት ነው። በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ዝናብ ጥሎ ሳምንት አሥር ቀን ሲያልፍ ከሐዋሳ ወደ ይርጋለም የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጓሮው ሁሉ በረዶ የጣለበት ይመስላል፣ ሽታው የሚኒባስ መስኮት ዘልቆ ይገባል፣ ሰውም ለአፍታ ወሬውን ያቆማል።

እንግዲህ የቡና ማር ልዩ ሽታ ካለው የአበባ ሽታ ነው፣ እሱም ድምፁን ዝቅ ያደረገ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ የተቆላ ቡና ከሸተታችሁ፣ በእኔ ግምት ሰውየው ማሩ ላይ የተፈጨ ቡና ጨምሮበታል። ወንጀል አይደለም። እንዲያውም ይጣፍጣል፣ ዳቦ ላይ ሞክሩት። ግን እሱ ቡና የገባበት ማር ነው እንጂ የቡና ማር አይደለም። አሁን አስቡት፤ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ገበያ ይወጣል፣ አፍንጫውን አምኖ እውነተኛውን ይተውና የተቀላቀለውን በውድ ይገዛል። ጸሐፊው ሊያስቆሙት የፈለጉትን ማጭበርበር ራሳቸው መንገድ ጠርገውለታል።

ካፌይኑ ላይ ግማሹ እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። በፈረንጆቹ 2013 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የቡናና የብርቱካን ወገን አበቦች ኔክታር ውስጥ፣ ማለትም ንቧ ከአበባው በምትቀዳው ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ፣ ካፌይን እንዳለ አሳይቷል። ደስ የሚለው ምክንያቱ ነው። ካፌይን ያለበትን ጣፋጭ የቀመሱ ንቦች ስኳር ብቻ ከቀመሱት ይልቅ ከአንድ ቀን በኋላ ያንን ሽታ የማስታወስ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ተክሉ ደንበኛ የሚያስለምድበት ዘዴ ነው በሉት። ሰፈራችን እንዳለችው ቡና አፍዪ፤ ሦስት ቀን ከጠጣህላት በአራተኛው ቀን እግርህ ራሱ ይወስድሃል።

ግን ያ ለንብ ነው። አንዲት ንብ የግራም አንድ አሥረኛ ብትመዝን ነው። ለሰው እስቲ እናስላው። በኔክታር ውስጥ ከተለኩት መጠኖች ከፍ ያለውን እንውሰድ፣ በሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ። ንቧ ውሃውን አትንና ማር ስታደርገው አራት እጥፍ ወፈረ እንበል፣ 200 ሚሊግራም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊሊትር ይይዛል። ውጤቱ 3 ሚሊግራም ነው። አንድ ኩባያ ቡና ደግሞ 80፣ 90 ሚሊግራም ካፌይን ይዞ ይመጣል። ያ ተማሪ አንድ ኩባያ ቡና በማር ልተካ ቢል ወደ ሠላሳ የሚጠጋ የሾርባ ማንኪያ መላስ አለበት፤ ያውም ቀፎ ውስጥ የገባው ሁሉ ከቡና ብቻ ነው ብለን፣ ከፍተኛውን ቁጥር ወስደን። ያን ያህል ከላሰ በእርግጥ አይተኛም። ሆዱ አያስተኛውም።

«መቶ በመቶ ከቡና አበባ ብቻ» የሚለውን ስደርስ ጸሐፊው ቀፎ አጠገብ ቆመው እንደማያውቁ ጠረጠርኩ። ልሳሳት እችላለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ግን ንብ አጥር አታውቅም። ከቀፎዋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ መሄድ ምንም አይመስላትም። በሁሉም አቅጣጫ ሦስት ኪሎ ሜትር ማለት 28 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ወደ 2,800 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነው። ሲዳማ ውስጥ በዚህ ስፋት ላይ ቡና ብቻ የት አለ? የእኛ ቡና የጓሮ ቡና ነው። ከእንሰቱ ጋር፣ ከዋንዛና ከብሳና ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። አጥሩ ላይ ግራዋ አለ፣ ወረድ ሲል ባህር ዛፍ። ግራዋው ቡናውን ቀድሞ ከታኅሣሥ ጀምሮ ያብባል። ብሳናው ወደ ክረምቱ መግቢያ ይከተላል። የቡናው አበባ ራሱ አንዴ ከፈነዳ ዕድሜው ሁለት ሦስት ቀን ነው። ዝናቡ እየቆረጠ ከጣለ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ያብባል፣ በቃ። ንቧ የምትሯሯጠው በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ ስትሯሯጥም በመንገዷ ያገኘችውን ሌላ አበባ አትጸየፍም።

ታዲያ የቡና ማር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው? አለ። በሌላውም አገር አንድ ማር በአንድ አበባ ስም የሚጠራው ትልቁ ድርሻ ከዚያ አበባ ሲሆን ነው እንጂ ሌላ ሳይነካው ሲቀር አይደለም። ማሩ ውስጥ የቀረውን የአበባ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ይቆጥሩታል፤ ብዙ ጊዜ 45 በመቶውና ከዚያ በላዩ የአንድ ተክል ከሆነ በስሙ ይጠሩታል። እኔና አጎቴ ማይክሮስኮፕ የለንም። ያለን ቀን መቁጠር ነው። ቡናው ከማበቡ በፊት ቀፎው ውስጥ የተጠራቀመው የግራዋ ማር ይቆረጥና ቦታ ይለቀቃል። ቡናው ያብባል፣ ይረግፋል። ንቦቹ አዲሱን የማር እንጀራ ሞልተው በሰም ሲከድኑት ያ ይቆረጣል፣ ለብቻው ይቀመጣል። አጎቴ ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ ዕቃው ላይ በከሰል ምልክት ያደርጉበታል። ይሄን ሁሉ ያላደረገ ሰው በጣም ጥሩ ማር ሊኖረው ይችላል፣ የቡና ማር ነው ብሎ ግን መማል አይችልም።

እና ሻጩን መቶ በመቶ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፤ እኔም ብሆን ነው እላችኋለሁ። መቼ ተቆረጠ፣ ከየት መጣ በሉት። መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ያለ ወር ከጠራላችሁ መልሱ ስሜት ይሰጣል። «ጥቅምት ላይ የተቆረጠ ትኩስ የቡና ማር» ካላችሁ ግን ተሰናብታችሁት ሂዱ። ጥቅምት ላይ ቡናው ላይ ያለው ቀይ ፍሬ ነው።

አሁን ወደዚያ ሁለት ኪሎ ማር። «የረጋ ማር ስኳር አለበት» የሚለው ነው ከልቤ ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ቅጣቱ የሚያርፈው በቀናው ሰው ላይ ነው። ማር ራሱ ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ነው፣ በዋናነት ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉት። ውሃው ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ይፈለጋል። በዚያች ጥቂት ውሃ ውስጥ ግሉኮሱ ከሚችለው በላይ ተጨናንቆ ነው የሚኖረው። ጊዜ ሲያገኝ፣ በተለይ ሲበርደው፣ ከውሃው እየወጣ ቅንጣት ይሠራል። ግሉኮሱ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶሱ የሚያመዝንበት ይዘገያል። በመሐል የሚለየው አበባው ነው እንጂ የሻጩ ሐቀኝነት አይደለም።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ የትግራይን ነጭ ማር ተመልከቱ። እሱም በአብዛኛው ከአንድ አገር በቀል ቁጥቋጦ ነው የሚመጣው፣ እዚያ ጠበብ ይሉታል። ረግቶ፣ እንደ ቅቤ በማንኪያ እየተቆረጠ ነው የሚሸጠው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ለዚያ ማር ተጨማሪ ብር ይከፍላል። ማንም ረግቷል ብሎ ሲመልሰው አላየሁም። በተቃራኒው በደንብ የተሠራ የስኳር ሽሮፕ ወራት ቢቀመጥ ላይረጋ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ መመዘኛ ከሄድን ሽሮፑ አልፎ የትግራዩ ማር ይወድቃል ማለት ነው። የረጋ ማር ካልተመቻችሁ ከነጠርሙሱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ እጅ የማያቃጥል። ቀስ ብሎ ይፈታል። እሳት ላይ አትጣዱት፣ ሽታው ያኔ ነው የሚሄደው። እኔ እንኳ የተመለሰልኝን ሳላሟሟው በዳቦ እየጨረስኩት ነው።

ክብሪቱና ውሃውስ? ማር የነካው ክብሪት ከበራ ንጹሕ ነው ይባላል። ክብሪቱ የሚነግራችሁ ግን ውሃው ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ወፍራም ሽሮፕ ክብሪቱን ያሳልፈዋል። በሰም ሳይከደን ተቸኩሎ የተቆረጠ እውነተኛ ማር ደግሞ ውሃ ስለሚበዛበት ሊወድቅ ይችላል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሳይበተን መስመጡም እንደዚያው ነው፤ ወፍራም ነገር ሁሉ ይሰምጣል። ይሄን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጀሪካን ሙሉ ማር ክብሪቱ ቦግ ብሎ በርቶልኝ ገዛሁ። ደንበኛዬን ሁሉ አጥቼበታለሁ ማለት ይቻላል። እና ማጭበርበር በዝቷል የሚሉትን ጸሐፊውን አልቃወምም፣ በደንብ በዝቷል። አጭበርባሪው ግን ክብሪት የሚያልፍበትን መንገድ ከእኛ ቀድሞ ነው የተማረው። የተጨመረ ስኳር በእርግጠኝነት የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ለእኔ ቢጤው የቀረው የሚያውቀውን አናቢ መያዝ ነው፣ ቢቻል አንድ ጊዜ ሄዶ ቀፎውን ማየት።

ንብ ቡናውን ታደክማለች የሚለውን ሳነብ እዚህ ከተማ ላለው ሰው ምንም አይደለም ብዬ ነበር። በኋላ አጎቴ ስልክ ደውለው ጎረቤታቸው ቀፎውን አንሱልኝ እንዳሏቸው ሲነግሩኝ ነው የደነገጥኩት። ጽሑፉ እዚያም ደርሷል! እንግዲህ እንነጋገር። የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል። ስለዚህ ንብ ባትኖርም ያፈራል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን «ባትኖርም ያፈራል» እና «ብትኖር ይጎዳል» በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፈረንጆቹ 2002 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የፓናማ ጥናት ንብ የጎበኘው አረቢካ ቡና ምርቱ ከ50 በመቶ በላይ እንደጨመረ አሳይቷል። በኢንዶኔዢያ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የሚጎበኙት የንብ ዓይነቶች በበዙ ቁጥር ፍሬ የሚቋጥረው አበባ ድርሻ ከ60 በመቶ ወደ 90 በመቶ ከፍ እንደሚል ነው ያገኘው። እዚህ ጓሮ ውስጥ በትክክል ያን ያህል ይጨምራል ብዬ አልምልም፤ ጥላው፣ አፈሩ፣ ዝናቡ ይለያያል። የሚቀንስበት መንገድ ግን አይታየኝም። አበባው ኔክታሩን የሚያወጣው ለመጣው እንግዳ ነው፣ ንብ መጣችም ቀረችም በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። ለራሱ ያስቀመጠው ስንቅ አይደለም።

ጎረቤትየው ግን አንድ እውነተኛ ቅሬታ አላቸው። ቀፎው ቡና ለቃሚዎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነበር የተሰቀለው፣ ልጆችም ተነድፈዋል። እሱን አጎቴም አምነዋል። ከመንገዱና ከከብቶቹ ራቅ አድርገው ከእንሰቱ ኋላ አዛወሩት። ቡናው ግን እዚያው አጠገቡ ነው፣ ለንቧ ሃያ ሜትር ምኗም አይደለም።

መድኃኒትነቱን በአጭሩ ልለፈው፣ ቀልድ ስላልሆነ። ከላይ እንዳልኩት ማር ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ነው። ከቡና አበባ ስለመጣ ይሄ አይለወጥም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በማርም ከፍ ይላል፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከሚበላው ውስጥ ቆጥሮ እንጂ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ሊልሰው አይገባም። ቁስል ላይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ማር በሆስፒታል ለቁስል ይውላል። ግን እዚያ የሚጠቀሙት በጨረር ከተሕዋስያን የጸዳ፣ ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ ማር ነው። የእኔ ጠርሙስ ያ አይደለም። ለሳልም ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ ማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እኛ ቤትም ከዝንጅብል ጋር እንጠጣዋለን።

ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን አልደራደርም። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ የቡናም ይሁን የግራዋ፣ የተገዛም ይሁን የጓሮ። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል፣ የሕፃኑ ግን ገና ስለሆነ ዘሩ እዚያ በቅሎ መርዝ ያመነጫል። ልጁ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ መተንፈስም ሊያቅተው ይችላል። ማሩ ንጹሕ መሆኑ አያድነውም። አራስ ቤት ገብተው ቅቤና ማር የሚያቀምሱ እናቶች አሉ፣ በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ አክስቴም አንዷ ናት። ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ ይቺን መስመር ቢያወጧት አመሰግናቸዋለሁ።

ቀረ ጠጁ። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ጠጅ ሲጣል ለአንድ እጅ ማር ሦስትና አራት እጅ ውሃ ይገባል፣ ጌሾው ይጨመራል፣ ቀናት ይፈጃል። ያ ስስ የአበባ ሽታ ጌሾን አሸንፎ አይወጣም። በውድ ገዝቶ የመጣ ደንበኛ ለጠጅ ነው ካለኝ እኔ ራሴ የብሳናውን ወይም ድብልቁን ውሰድ እለዋለሁ። ቡና ማርን ብቻውን፣ ወይ በትኩስ ዳቦ፣ ወይ ጌሾ ባልነካው ብርዝ ቢቀምሰው ይሻለዋል። ነውር የሚለው ቃል ግን በዛ። አጎቴ በየዓመቱ ከቡናው ማር የመጀመሪያዋን እንጀራ ከነሰፈፏ ለጠጅ ነው የሚያስቀምጧት፤ ከአባታቸው የወረሱት ልማድ ነው። ጽሑፉን በስልክ ሳነብላቸው እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ አስቆሙኝ። «ሰውዬው የት ነው የሚኖሩት?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

«አጣርተህ ንገረኝ፣ ለፋሲካ አንድ ብርሌ እልክላቸዋለሁ።»